የመጻሕፍት ዓምድ፦ የልጅ አፍና የመንግሥት ጆሮ



የፖለቲካ መጽሔት ስለ ልጆች ተረት ገጽ የሚያባክነው ለምንድን ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወረቀቱም ቀለሙም የሚገዛው በአባላት መዋጮ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ አምባገነኖች የልጆችን መጻሕፍት ከእኛ ይልቅ አጥብቀው አንብበዋል። ደግሞም ጉዳዩ ደጃችን ደርሷል። ኅብረታችን ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት የሚሆን የንባብ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ከወሰነ ወዲህ ረቂቆች መምጣት ጀምረዋል። የተጠየቀው፣ ልጆች በጨቋኝ አገዛዝ ሥር እንዴት እንዳደጉ የሚናገር ታሪክ ነበር። ከመጡት ውስጥ አንዳንዶቹ አስደስተውናል፤ አንዳንዶቹ አስደንግጠውናል። ምን እንዳስደነገጠን ለማስረዳት ትንሽ ዞር ብለን መምጣት ያስፈልገናል። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ መጽሐፍ እናስተዋውቅ። ስሙ በስፓንኛ «ላ ኮምፖሲስዮን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ድርሰት» ማለት ነው። ይኸውም አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ርዕስ ጽፎ «በሉ ጻፉ» የሚለው፣ ሁላችንም እርሳስ ያኘክንበት የትምህርት ቤት ድርሰት። ደራሲው አንቶኒዮ ስካርሜታ ይባላል። በ1940 በቺሊ፣ በአንቶፋጋስታ ከተማ ተወለደ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ጄኔራል ፒኖቼት የፕሬዚዳንት አዬንዴን መንግሥት ከገለበጠ በኋላ አገሩን ለቅቆ መጀመሪያ ወደ አርጀንቲና፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ በርሊን ተሰደደ፤ የተመለሰው በ1989 ነው። በ2024 ዐረፈ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ስለ ገጣሚው ፓብሎ ኔሩዳና ስለ ፖስተኛው በጻፈው ልብ ወለድ ይሆናል፤ ፊልምም ተሠርቶበታል። «ድርሰት» ግን በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ፣ አልፎንሶ ሩዋኖ የተባለ ስፔናዊ ሥዕሉን የሣለለት የልጆች መጽሐፍ ነው። በ2000 ካራካስ ላይ ታተመ፤ በ2003 ዩኔስኮ የመቻቻልን መንፈስ ለሚያዳብሩ የልጆች መጻሕፍት ይሰጠው የነበረውን ሽልማት አገኘ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፔድሮ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። በዚህ ዓለም ላይ አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ከቆዳ የተሠራ እውነተኛ የእግር ኳስ ነው፤ የተሰጠው ግን የፕላስቲክ ኳስ ሆኖ ቅር ብሎታል። ማታ ማታ እናትና አባቱ ሬዲዮን ጠጋ ብለው፣ በጩኸቱ መካከል ከሩቅ አገር የሚመጣ ድምፅ ያዳምጣሉ። ጎረቤትም ይመጣል። ልጁ ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ግማሽ መልስ ነው። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ወታደሮች መጥተው የሠፈሩን ባለሱቅ፣ የጓደኛውን የዳንኤልን አባት፣ እየጎተቱ ይወስዱታል። ሰው ቆሞ ያያል፤ የሱቁ ቁልፍ በልጁ እጅ ይቀራል። ፔድሮ ቤቱ ገብቶ፣ እኔስ አምባገነኑን እቃወማለሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እናቱ፣ ልጅ የማንም ተቃዋሚ ሊሆን አይችልም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ትሰጠዋለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ሻምበል ወደ ክፍላቸው ይገባል። ተማሪዎቹ ድርሰት እንዲጽፉ ያዛል፤ ርዕሱ ቤተሰባቸው ማታ ማታ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ጥሩ አድርጎ ለጻፈ የወርቅ ሜዳሊያ አለው።

ከዚህ ላይ ስካርሜታ የሠራውን ልብ በሉ። ፔድሮ እርሳሱን ይዞ ምን እንዳሰበ አይነግረንም። የጻፈውን የምናውቀው ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ከወላጆቹ ጋር፣ ልባችን እንደ እነሱ ተንጠልጥሎ ነው። በድርሰቱ መሠረት አባት ከሥራ ይመጣል፤ እራት ይበላል፤ ከዚያም እናትና አባት ልጁ እስኪተኛ ድረስ ቼዝ ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ወስዶታልና አያውቅም። ሬዲዮ የለም። ጎረቤት የለም። ሻምበሉም ድርሰቱን ወዶታል። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ቼዝ የሚባል ዕቃ የለም፤ ታሪኩም አባትየው ቼዝ ስለ መግዛት በሚናገራት አንድ ነገር ያልቃል።

ይህን መጽሐፍ ደጋግመን ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በእናትየው ላይ ነው። ልጅዋን ከነገሩ ለማራቅ ስትል ዝም አለች፤ ማንም እናት እንደምታደርገው። ሻምበሉ ግን ቤትዋን አላንኳኳም፤ የመጣው ልጅዋ ከተቀመጠበት ዴስክ ነው። በር ይቆለፋል፣ መስኮት በመጋረጃ ይሸፈናል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ግን መዝጊያ የለውም፤ ጨቋኝ መንግሥት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፔድሮን ማንም አልመከረውም። በጓደኛው እጅ የቀረውን ቁልፍ አይቷል፤ የትልልቆቹን ዝምታ ሰምቷል፤ የቀረውን ራሱ ደመረው። ባይደምረውስ ኖሮ? በየዋህነት፣ ሜዳሊያውን በቆዳ ኳስ ለመለወጥ እያሰበ፣ የሬዲዮውን ነገር አሳምሮ ቢጽፍስ? ደራሲው ይህን ጥያቄ በቃል አያነሣም፤ ከመጽሐፉ የሚነሣ አንባቢ ግን ይዞት ይነሣል። የቤተሰቡ ሕይወት በአንድ የተማሪ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ለመጠበቅ ሲባል የተያዘው ዝምታም ለዚያች ሰዓት ምንም አልፈየደም።

አንዳንድ ጓዶች ውይይት ላይ፣ ይህ መጽሐፍ ልጅን ውሸት ያስተምራል ብለው ተቃውመዋል። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዘለቀ፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት መብራት አጥፍቶ አስወጣን። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ፔድሮ ለእናቱ አልዋሸም፣ ለጓደኛው አልዋሸም፣ ለአስተማሪው እንኳ አልዋሸም። የማይገባ ጥያቄ የጠየቀውን ሰው ባዶ እጁን መልሶታል። ይህንን ውሸት የሚለው ቃል ይሸከመዋል ወይ? በዚህ ላይ የሚጽፍልን ጓድ ካለ ገጹ ክፍት ነው።

ነገሩ የቺሊ ብቻ አይደለም። በቺሊ ከ1973 በኋላ የሞስኮ ሬዲዮ በስፓንኛ ያስተላልፍ የነበረውን «ኤስኩቻ ቺሌ» የተባለ ፕሮግራም በሌሊት፣ ድምፁን ቀንሶ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ ነበር። በአገራችንም በደርግ ዘመን እንዲሁ ነው። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1982 ጀምሮ ያሰራጩ ነበርና በር ተዘግቶ፣ ጆሮ ተለጥፎ ይደመጡ ነበር። በ1977 እና በ1978፣ ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ወቅት፣ ብዙዎቹ ወላጆቻችን የፔድሮ እኩዮች ነበሩ። በመንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ አልፈው ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ዛሬ እናትና አባት፣ አንዳንዶቹም አያት ሆነዋል። ምን አያችሁ ብለን ስንጠይቃቸው የሚሰጡንን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «እሱን ተወው»፣ «ሆድ ይፍጀው»፣ ሲብስም «ብላ ይልቅ፣ እንጀራው እየደረቀ ነው»። በጆሮ ጠቢና በአብዮት ጥበቃ ዘመን የተማሩት ነው። ደርግ በ1991 ወደቀ፤ ዝምታው ግን ከሻንጣው ጋር ባሕር ተሻግሮ ገባ።

አምባገነኖች የልጆችን መጽሐፍ አጥብቀው ያነባሉ ላልነው ደግሞ ማስረጃችን አርጀንቲና ናት። ማርች 24 ቀን 1976 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ጁንታ ሰውን በሺሕ እያፈነ በሚያጠፋበት ወቅት ጊዜ አግኝቶ የዝሆን ተረት ይመረምር ነበር። ኤልሳ ቦርኔማን በ1975 ባሳተመችው የተረት መጽሐፍ ውስጥ ቪክቶር የተባለ የሰርከስ ዝሆን እንስሳቱን አስተባብሮ የሥራ ማቆም አድማ ያስመታል። አድማው ይሳካል፤ እንስሳቱ በሁለት አውሮፕላን ወደ አፍሪካ ይመለሳሉ። ሁለት ያስፈለገው አንደኛው ለቪክቶር ብቻ ስለሆነ ነው፤ ዝሆን ነዋ! ይህ መጽሐፍ በ1977 በመንግሥት ድንጋጌ ታገደ። በዚያው ዓመት «አምስት ጣቶች» የተባለ፣ በርሊን ውስጥ ተዘጋጅቶ በስፓንኛ የታተመ የልጆች መጽሐፍም ታገደ። በዚህኛው አረንጓዴ እጅ የቀይ እጅን ጣቶች እያሳደደ ያጠቃል፤ ጣቶቹ በመጨረሻ ተባብረው ጡጫ ይሆናሉ። አረንጓዴው የማን ዩኒፎርም እንደሚመስል ለጄኔራሎቹ ማስረዳት አላስፈለገም። አሳታሚው ዳንኤል ዲቪንስኪና ባለቤቱ 127 ቀን ታሰሩ። በ1979 የላውራ ዴቬታች የተረት መጽሐፍ ሲታገድ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ምናቡ ወሰን የለውም የሚል ነበር። እየቀለድን አይደለም፤ በይፋ የተጻፈው ይህ ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩም በ1977 ለትምህርት ቤቶች ባሠራጨው መመሪያ ውስጥ የልጆችን ሥነ ጽሑፍ የጠላት መግቢያ አድርጎ አቅርቦታል፤ ያሰጋው ልጆች ነጻ ሆነው ራሳቸው እንዲመርጡ የሚያደፋፍሩ መጻሕፍት መብዛታቸው ነበር። ጄኔራሎቹ ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚቃወመን ጓድ የለም፤ ጄኔራልን መጥላት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ጨቋኝ አገዛዝ የልጆችን መጽሐፍ በማገድ ብቻ አይወሰንም፤ ራሱም ይጽፋል፤ አንዳንዴም ከተቃዋሚዎቹ አሳምሮ ይጽፋል።

በ1932 በኡራል አካባቢ፣ ጌራሲሞቭካ በተባለች መንደር፣ ፓቭሊክ ሞሮዞቭ የተባለ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ጫካ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። የሶቪየት መንግሥት የነገረው ታሪክ ይህ ነው፤ ልጁ አባቱን ለባለሥልጣናት አጋለጠ፣ ዘመዶቹም ቂም ይዘው ገደሉት። ዘመዶቹ ተከስሰው ሞት ተፈረደባቸው። ከዚያ ወዲህ የታሪክ ተመራማሪዎች የዚህን ትረካ አብዛኛውን ክፍል ተጠራጥረውታል። ተረቱ ግን ከልጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በመዝሙርና በመጽሐፍ ተደርጎ ፒዮነር ለሚባለው የልጆች ድርጅት አባላት አርአያ ሆኖ ተሰጠ፤ በ1948 ሞስኮ ላይ ሐውልት ቆመለት፤ ሐውልቱ የተነሣው በ1991 ነው። በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ታላቁ አይዘንስታይን የጀመረው ፊልም እንኳ በ1937 በባለሥልጣናት ትእዛዝ ተቋረጠ፤ ለነሱ የሚበቃ ንጹሕ ተረት አልሆነላቸውም።

እስቲ ፔድሮንና ፓቭሊክን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለሁለቱም የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ ምን አለ? በስብሰባ ላይ አንድ ጓድ፣ ልዩነቱ የመደብ ነው፣ ሻምበሉ ለከበርቴው ይሠራል፣ የፓቭሊክ መርማሪ ግን ለወዛደሩ ይሠራ ነበር ብሎ ሊያስረዳን ሞክሯል። ይህን አንቀበልም። ልጅን ስለ አባቱ የሚመረምር እጅ አረንጓዴ ጓንት ቢያጠልቅ ቀይ ያው እጅ ነው። የእኛ አገር ተማሪዎች በአራቱም ማዕዘን ተበትነው ሳለ በ1970ዎቹ አንዱ ሌላውን ከሃዲ፣ ሰርጎ ገብ፣ ባንዳ እያለ የጻፈው ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ ማንም ከፍቶ ያንብበው። አገር ቤትም ጥይቱ የሚተኮሰው በዚያው ቃላት እየታጀበ ነበር። ስለዚህ የፓቭሊክ ጉዳይ የሩሲያ ብቻ ነው ብለን አናልፈውም።

ለፓቭሊክ ተረት የተሻለውን መልስ የጻፈው በ1956 ሌኒንግራድ ተወልዶ በ1983 ከሶቪየት ኅብረት የወጣው ዩጂን የልቺን ይመስለናል። በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ ሥዕሉንም ራሱ የሣለው መጽሐፍ የስታሊንን አፍንጫ ስለ መስበር ነው፤ በ2011 ታትሞ በማግስቱ ዓመት በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጠው ከኒውበሪ ሽልማት ክብር አግኝቷል። ሳሻ ዛይቺክ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ነገ ፒዮነር ሊሆን ነው፤ ስታሊንን እንደ አባት ይወዳል፤ የገዛ አባቱም የጸጥታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። በዚያች ሌሊት አባቱ ይታሰራል። ጎረቤታቸው ከነቤተሰቡ ወዲያው ክፍላቸውን ይወርሳል፤ ጠቋሚውም እሱ ኖሯል። ልጁ አክስቱ ቤት ቢሄድ ፈርተው አላሳደሩትም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ የባንዲራውን ዘንግ ይዞ ሲሮጥ የስታሊንን ሐውልት አፍንጫ ይሰብራል።

መጽሐፉ የሚያስቀው እዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያስቅም። አንድ መኮንን ልጁን ጠርቶ ያባብለዋል፤ ስለ ጓደኞችህና ስለ አስተማሪዎችህ ወሬ ካመጣህልን ቀይ ሻርፑን ታጠልቃለህ ይለዋል። እናትህንም አሳልፎ የሰጠ አባትህ ነው ብሎ ይነግረዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከምን ላይ ይቁም? አባቱ ጀግና አይደለም፤ ስታሊን አባት አይደለም፤ ክፍሉ የእሱ አይደለም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከበዓሉ ሾልኮ ወጥቶ፣ በሉቢያንካ እስር ቤት ፊት ለፊት የታሳሪ ቤተሰብ በሚሰለፍበት ረጅም ሰልፍ ውስጥ ገብቶ መቆም ነው። አባቱን ምን እንደሠራ እያወቀ ሊጠይቀው ተሰለፈ። እኛ ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ ያለው የልጆች መጽሐፍ አላነበብንም። አንድም መፈክር የለበትም።

የደቡብ አፍሪካዊቷን የቤቨርሊ ናይዱን መጽሐፍ በአጭሩ እናንሣ። በ1985 የታተመው ይህ ታሪክ ናሌዲና ቲሮ የተባሉ እኅትና ወንድም ሕፃን እኅታቸው ስትታመምባቸው፣ በነጮች ቤት ሠራተኛ የሆነችውን እናታቸውን ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ የሚያደርጉትን ጉዞ ይናገራል። በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ እስከ 1991 ታግዶ ነበር። ስለዚህም ለዓመታት የእንግሊዝ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ሲያነቡት፣ ታሪኩ የነሱ የሆነው ልጆች ሊያዩት አልቻሉም። ናሌዲ በጉዞው መጨረሻ ላይ የምትማረው ትምህርት ለምን አገልጋይነትን ብቻ እንደሚያዘጋጅላት ማሰብ ትጀምራለች፤ የ1976ቱን የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅም ከአንዲት ወጣት አፍ ሰምታለች። አጻጻፉ አልፎ አልፎ ለማስረዳት ይቸኩላል፤ ቢሆንም ለአሥር ዓመት ልጅ የመታወቂያ ወረቀትን ጭቆና እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ አናውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን መደርደሪያ እንመለስ። ስለ ቀይ ሽብር ለአዋቂ የተጻፈ አለን። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» አለ፤ የሕይወት ተፈራና የመዓዛ መንግሥቴ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አሉ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ ከ2010 ጀምሮ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም ክፍት ሆኗል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በአማርኛ የሚሰጥ ልብ ወለድ ስንፈልግ ግን ከመደርደሪያችን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ያለው የሚላክ ጓድ ካለ ቶሎ ይላክልን። በፈረንጅ ቋንቋ ስለ አፍሪካ ልጆች ከሚጻፈው ውስጥ ብዙው አልጠቀመንም፤ ጭቆናው እንደ አየር ጠባይ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ታሪኩም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያልቃል። አውሮፕላን ማረፊያ የታሪክ ማብቂያ እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አይገባንም።

እንግዲህ ስለ ረቂቆቹ። በአንደኛው ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ብድግ ብላ ስለ ዲሞክራሲያዊ መብቶች ሦስት ገጽ ሙሉ ትናገራለች። ንግግሩ መልካም ነው፤ በዚህ መጽሔት በአቋም መግለጫነት ቢወጣ አናፍርበትም። ልጅቷ ግን የለችም። የምትመኘው ኳስ የላትም፤ የሚርባት ሆድ የላትም። በሁለተኛው ውስጥ ክፉ ሰዎቹ ሁሉ ስማቸው ሲጠራ ብቻ ብሔራቸው ይታወቃል። ይህን አናትምም፤ ጸሐፊውንም በግል አነጋግረናል። ያስደነገጠን ሦስተኛው ነው። አንድ ልጅ አጎቱ «ከሃዲ» መሆኑን ደርሶበት ለድርጅቱ ሰዎች ይናገራል፤ ድርጅቱም ልጁን አቅፎ ያመሰግነዋል፤ አጎትየው ምን እንደደረሰበት አይጻፍም። ቋንቋው ያማረ፣ ልብ የሚሰቅል ታሪክ ነው፤ ከሦስቱ ሁሉ ጥሩ የተጻፈው እሱ ነው። ጸሐፊው ስለ ጌራሲሞቭካ ሰምቶ እንደማያውቅ እርግጠኞች ነን። ተረቱ ራሱን ይወልዳል ማለት ነው። ለቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ማንበቢያ አድርገን ከምንሰጥ ባዶ ደብተር ብንሰጣቸው ይሻላል።

ያስደሰተን ደግሞ አለ። አንዲት ልጅ ማታ ማታ ደጅ ቁጭ ብላ፣ እንግዳ ሰው ወደ ግቢው ሲመጣ በሩን ሁለት ጊዜ እንድታንኳኳ ታዝዛለች። ለምን እንደሆነ አልተነገራትም። በጆንያ ተጠቅልላ ትቀመጣለች፤ የጎረቤት ውሻ ስም አውጥታለታለች፤ ከዋክብት ትቆጥራለች። አንድ ማታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ረቂቁ እዚህ ላይ ቆሟል። ጸሐፊዋ እንዴት ልጨርሰው ብላ ጠይቃናለች፤ እኛም ልጅቷ ስትነቃ ምን እንደምታይ ጻፊ፣ ትልልቆቹ ምን እንደሚያስቡ ግን አትንገሪን ብለን መልሰናል።

በመጨረሻም የስካርሜታን «ድርሰት» ወደ አማርኛ መልሰን ለልጆቹ ለማቅረብ ከአሳታሚው ፈቃድ እየጠየቅን ነው። መልሱ እስኪመጣ ሁለት ጓዶች ለሙከራ ጀምረውታል፤ ከወዲሁ የተጋጩበትን ነገር ለአንባቢ ብናቀርብ አይከፋም። ፔድሮ አባቱን «አንተ» ይበለው ወይስ «አንቱ»? በየቤቱ ልማዱ ይለያያል። እኛ «አንተ» ይሻላል ባዮች ነን፤ እዚያ ቤት ልጅ እንደልቡ ይጠይቃል፣ ያልተሟላው መልሱ ነው። አስተማሪው ለሻምበሉ ግን «እርስዎ» ይበል፤ ልጆቹ ፍርሃቱን ከዚያች ቃል ይሰሙታል።

የበለጠ ያከራከረው ቼዙ ነው። አንደኛው ተርጓሚ፣ ልጆቻችን በቀላሉ እንዲገባቸው ዳማ እናድርገው ይላል። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር፤ ዳማ የማያውቅ ሠፈር የለምና። ነገር ግን ዳማ የሚገዛ ሰው ማን አለ? ካርቶን ይቀደዳል፣ በከሰል ይሰመራል፣ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ይለቀማል፤ በሩብ ሰዓት አልቆ ይቀርባል። የፔድሮ አባት ግን ልጁ የጻፈው ነገር ቤቱ ውስጥ እንዲገኝ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሱቅ ሄዶ፣ በሰው ዓይን ፊት ሊገዛው ይገባል። የሠፈሩ ባለሱቅ ደግሞ ታስሯል። ስለዚህ ቼዝ ሆኖ እንዲቀር ወስነናል፤ ሥዕሉን ያላየ ልጅ ቢኖር የቅዳሜው አስተማሪ አንድ ቼዝ ይዞ ይምጣ።